ስንት ናችሁ? ጎንደር የዋልንበት ቀን

በፋሲል ግቢ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ወጣት «ስንት ናችሁ?» ሲለን «አንድ» አልነው። አንገቱን አስግጎ ከኋላችን ሌላ ሰው ፈለገ፤ አላገኘም። «ብቻሽን ነሽ?» አለ ደግሞ። እዚያ በር ላይ ብቻዋን የምትቆም ሴት ብዙም የሚያይ አልመሰለንም።

ውድ እህቶቻችን፣ የማኅበራችንን ልማድ ለማታውቁ አዲስ አባላት እናስረዳ። ከማኅበሩ ሳጥን በወጣ ገንዘብ መንገድ የሄደች አባል ስትመለስ «ሄድኩ፣ አየሁ» አትልም፤ «ሄድን፣ አየን» ነው የምትለው። የሁላችንን ብር ይዛ ስለሄደች ዓይኗም የሁላችን ነው ተብሎ ነው። ስለዚህ ወደ ጎንደር የሄደችው አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ብትሆንም ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው «እኛ» እያልን ነው።

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። ለቁጠባ ማኅበራት ሒሳብ ያዦች የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው ሐሙስ አለቀ፤ የመመለሻ መኪናችን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዓርብ ሙሉ ቀን በእጃችን ቀረ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ከመካከላችን ብዙዎቻችን ግቢውን የምናውቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው። ይህን ቀን ዝም ብሎ ማሳለፍ ለማኅበሩም ኪሳራ መሰለን።

ልባችን ግን ከመንገዱ በፊት ጀምሮ በአንድ ነገር ተይዞ ነበር። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ወደ ቢሯችን መጥታ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እናቷ ሁላችንም «እታለም» እያልን የምንጠራት፣ ማኅበሩን ከመሠረቱት አሥራ ስድስት ሴቶች አንዷ ነበረች። እታለም ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ልጅቷ «እናቴ ከእናንተ ጋር ነበረች፤ ያላት ድርሻ ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደሚለምን ሰው። እኛም መዝገቡን ገለጥን። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት ወራት ሒሳብ የተያዘበት ደብተር ጣሪያው ባፈሰሰ ክረምት ረጥቦ ስለተበላሸ፣ አሁን ያለው መዝገብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የእታለም ስም በሦስት ቦታ ብቻ አለ፤ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ብር። «መዝገብ ላይ ያለው ይህ ነው» አልናት። አሥራ አምስት ብር። ልጅቷ አመስግና ሄደች። ማመስገኗ ነው ያላስተኛን።

እታለም በየሳምንቱ አምስት ብር ማምጣት አትችልም ነበር። በምትኩ የመጋገሪያ ቤታችን ሲሠራ ውሃ ተሸከመች፣ ጭቃ አቦካች፣ ድንጋይ አቀበለች። ይህን በዓይናችን ያየን አለን። መዝገባችን ግን ገንዘብ እንጂ ጉልበት የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ሥልጠናው ላይም ሦስት ቀን ሙሉ የተነገረን ይኸው ነው፤ ሰነድ የሌለው ነገር እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ይህን ይዘን ነው ዓርብ ጠዋት ግቢው በር ላይ የቆምነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።

ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን በድንኳን ነበር የሚኖሩት። ሠራዊቱን ይዘው ከአገር አገር ይዞራሉ፤ ክረምት ሲመጣ አንድ ቦታ ይከትማሉ፤ የአካባቢው እህልና እንጨት ሲያልቅ ደግሞ ይነሣሉ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ተመልሶ ዙፋኑ ለልጃቸው ለአፄ ፋሲል ተላለፈ። አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። የመጀመሪያውን ግንብም አሠሩ። ከዚያ በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን እየጨመሩበት ሄዱ። ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል አጥር ያለው ይህ ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከበሩ ገባ እንዳልን አንድ አስጎብኚ ተቀበለን። ትሑት ልጅ ነው፤ «እህቴ» እያለ ነው የሚያናግረን። የፋሲል ግንብ ፊት ለፊታችን ቆሟል፤ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች፣ ከላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ሰገነት። ሥዕሉን መቶ ጊዜ ያየነው ነው፤ ግን ከሥሩ ስንቆም ሥዕል የማያሳየውን ነገር አየን። ድንጋዩ ትንንሽ ነው። ይህን ሁሉ ከፍታ የያዘው ሰው በእጁ ሊያነሣው የሚችል ድንጋይ ነው፤ በኖራ እየተያያዘ አንድ በአንድ የተደረደረ።

ሒሳብ ሠራተኛ ግንብ ስታይ ወጪ ነው የምታየው። ኖራ ከድንጋይ ነው የሚገኘው፤ ድንጋዩ በእሳት መቃጠል አለበት፤ ለዚያ ብዙ እንጨት ይፈልጋል። የተቃጠለው ኖራ ደግሞ በውሃ ይቦካል። በ1648 ወደ ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ የቤተ መንግሥቱን ሥራ የመራው ህንዳዊ ግንበኛ እንደነበረ ጽፏል። ቤተ እስራኤላውያንም በጎንደር በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ይታወቁ ነበር፤ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ያንን የሸክላ ሥራ የሚያስታውሱ ትንንሽ ቅርጾች ዛሬም ለጎብኚ ይሸጣሉ፤ ሠሪዎቹ ቤተሰቦች ግን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቆይተዋል። ታዲያ እንጨቱን ማን ሰበረ? ውሃውን ማን ቀዳ? ለእኛ ለሴቶች ይህን መንገር አያስፈልግም።

አስጎብኚው እየዞረ ይነግረናል። ይህ የአፄ ፋሲል ነው። ይህ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ነው። ይህ የታላቁ ኢያሱ ግንብ ነው፤ ጣሪያው ኮርቻ ይመስል ነበር፤ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። ይህ የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ ነው። ይህ የአንበሶቹ ቤት ነው። ይህ አፄ በካፋ ግብር የሚያበሉበት ረጅም አዳራሽ ነው።

የበካፋ አዳራሽ ውስጥ ጣሪያ የለም፤ ሰማይ ነው የሚታየው። ጥቂት ቆየን። ግብር የሚበላው መኳንንትና ሠራዊት ተቀምጦ፣ እንጀራው በሞሰብ እየተደረደረ፣ ጠጁ በገንቦ እየገባ፣ አዝማሪው እያቀነቀነ ታየን። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የዚህን ዓይነት ግብር ድምቀት ያነሣል። እኛ ግን እጃችን ወደ ሥራው ሄደ። በወፍጮ ድንጋይ አንድ ቁና ጤፍ ፈጭታ የምታውቅ አያት ያላት ሰው የአንድ ቀን ግብር ስንት ሌሊት እንደሚያስፈጭ ትገምታለች። ፈጪዎቹ፣ ጋጋሪዎቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ስም በየትኛው ግንብ ላይ አለ? አስጎብኚውን ጠየቅነው። ፈገግ ብሎ «እሱ አልተጻፈም፣ እህቴ» አለን። ከሥልጠናው የመጣ አሠልጣኝ መሰለን።

በግቢው ሰሜናዊ ክፍል አንድ ፎቅ ቤት አለ፤ በግድግዳው ላይ መስቀሎች ተቀርጸው ይታያሉ። «ይህ የእቴጌ ምንትዋብ ነው» አለ። ከዚህ ሁሉ የወንዶች ስም መካከል አንድ የሴት ስም። ከዚያ ወዲያ ለቀኑ የያዝነውን ዕቅድ ለወጥን፤ ቀሪውን ሰዓት ለእሳቸው ሰጠነው።

ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ ምንትዋብ የተባሉት ስለ ውበታቸው ነው። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በአገሩ ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመው፣ የምንትዋብ ቤተሰቦች አስታመዋቸው፣ ከዚያ ጋብቻው እንደመጣ ይተረካል። በ1730 በካፋ አረፉ። ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሟች ሚስት ወደ ገዳም ትገባለች፣ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች። ምንትዋብ ግን ዘውድ ጫኑ። ብርሃን ሞገሳ ተብለው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመፅ ተነሥቶ ይኸው አሁን የቆምንበት ግቢ ተከቦ ነበር፤ እናትና ልጅ ውስጥ ሆነው አለፉት። ከዚያ በኋላ በወንድማቸው በራስ ወልደ ልዑል እየታገዙ ለብዙ ዓመታት አገር አስተዳደሩ።

ምሳችንን ከግቢው አጠገብ በላን። ዓርብ ስለነበር በያይነቱ ነው። ብቻዋን ለምትበላ ሴት አስተናጋጇ ትንሽ ትሪ ስትፈልግ ቆይታ በመጨረሻ ለሁለት ሰው የሚሆነውን አመጣች፤ «ካለቀልሽ እሰየው፣ ካላለቀ ተይው» ብላ። አላለቀም።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዘን ወደ ቁስቋም ወጣን። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ኮረብታ ላይ ነው። ምንትዋብ በ1730ዎቹ ነው ማሠራት የጀመሩት፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ለራሳቸው መኖሪያ ግንብ፣ የግብር አዳራሽ፣ ዙሪያውን ባለማማ አጥር። ቁስቋም የሚለው ስም እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው። በዓሉ ኅዳር 6 ቀን፣ ወርኃ ጽጌ እንዳለቀ የሚውለው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ሕፃን ልጅ ይዛ ዙፋን ላይ የተቀመጠች እናት ለቤቷ ይህን ስም የመረጠችበት ምክንያት ለእናቶች የሚሰወር አይመስለንም። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እዚያ በተሣለው ሥዕል ላይ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ንግሥት ናቸው፤ የተሣሉት ግን በመሬት ላይ ሆነው ነው።

ከግንቡ የቀረው ግድግዳውና ማማው ነው። ዛፍ በቅሎበታል፤ ከቀዩ ድንጋይ የተጠረበው ጌጥ ግን በቦታው አለ። ጥላ ሥር ተቀመጥንና ደብተራችንን አወጣን። ሒሳብ ሠራተኛ ናትና ስለ ሳጥኑ ማሰቧ አልቀረም። እንደሚተረከው፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ሲሞት ግምጃ ቤቱ ሲከፈት ለቀብር የሚበቃ እንኳ ያልሞላ ጥቂት ወርቅ ነው የተገኘው። እናትየው አዝነውና ተቆጥተው ወደ ቁስቋም ወጡ፤ ሁሉን ትቼ እዚሁ እቀመጣለሁ አሉ። መኳንንቱ ለምነው መለሷቸው። ይህን ታሪክ ስንሰማ ሳቅን፤ ከዚያ አልሳቅንም። ስንት ግንብ ተሠርቶ፣ ስንት ግብር ተበልቶ፣ መዝገቡ ሲገለጥ አሥራ አምስት ብር።

ከልጃቸው በኋላ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። እናቱ ውቢት ከወሎ ኦሮሞ ወገን ነበሩ፤ የእሳቸው ዘመዶችና የምንትዋብ የቋራ ዘመዶች በቤተ መንግሥቱ ተፎካከሩ። በ1767 ራስ ወልደ ልዑል ሲሞቱ ሚዛኑ ተዛባ፤ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል መጡ። ራስ ሚካኤል የምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ናቸው። ያም ሆኖ በ1769 ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደለ። የአያቱ አማች ገደለው ማለት ነው። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ያ ረጅም የመከፋፈል ጊዜ የጀመረው ከዚህ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያገኛቸው በዚሁ በቁስቋም ነው። በጊዜው ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች እንዲረዳ ተጠርቶ፣ ከታመሙት አጠገብ እዚያው በቁስቋም ቤት ተሰጠው። ምንትዋብ በ1773 አረፉ።

ቁስቋም ቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያው አይደለም፤ ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ነጠላችንን አጣፍተን በሴቶች በር ገባን፤ ተሳለምን። አንድ አረጋዊ አባት «ከየት መጣሽ ልጄ?» አሉን። ነገርናቸው። መስታወት ያለውን ትንሽ ሣጥን አሳዩን። የምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚያ ውስጥ ነው ይባላል። ሦስት ትውልድ በአንድ ትንሽ ሣጥን። ምን ያህል ዝም ብለን እንደቆምን አናውቅም።

«አባ፣ የእሳቸው ስም እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?» ብለን ጠየቅን። አባም «ጽፈውት ነዋ! አጽፈውት» አሉን።

ይህን ስንሰማ ቀደም ብለን ያነበብነው ትዝ አለን። በጎንደር ዘመን መሬት ሲሰጥ፣ ሲሸጥና ሲወረስ ውሉ የሚጻፈው በየቤተ ክርስቲያኑ በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ነበር። ምንትዋብም ለቁስቋም አገልጋዮች መሬት ሲሰጡ እንዲሁ አጽፈዋል። ግን እንዲህ ያጻፉት ንግሥቲቱ ብቻ አይደሉም። ዶናልድ ክሩሚ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ እነዚያን ጽሑፎች ሲያጠና ብዙ የሴቶች ስም አገኘ። መሬት የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ የሚገዙ አሉ፤ ርስታችን ተወሰደ ብለው የሚከራከሩ አሉ። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ ሴት ልጅም ወራሽ ነበረች። ዋጋው በወቄት ወርቅ ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ የእማኞች ስም ይደረደራል፤ ይህ ሰው ሰምቷል፣ ያ ሰው አይቷል እየተባለ። ሙግት ቢነሣ የሚጠየቁት እነዚያ ናቸው።

እህቶች፣ እኛ ደረሰኝ የሚባል ነገር ስላለን የእማኝን ነገር ረስተነዋል። ሥልጠናው ላይ የተማርነው ትክክል ነው፤ ሰነድ ይኑር። ሰነድ ማለት ግን ደረሰኝ ብቻ አይደለም። ያየ ሰው ተጠይቆ፣ ያየውን በፊርማው ሲያረጋግጥ እሱም ሰነድ ነው። ያች ልጅ በመጣች ቀን እኛ መዝገቡን ጠየቅን እንጂ እርስ በርሳችን አልተጠያየቅንም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ነበርን፤ ከሦስታችን ሁለታችን እታለም ጭቃ ስታቦካ አይተናል። ግን ሁላችንም መዝገቡን አየን።

ለምን እንደሆነም እንናገር፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ ካልተናገርነው የት እንናገረዋለን? ፈርተን ነው። የእታለም ጉልበት ከተቆጠረ የሌሎችም ይቆጠራል። ከመሥራቾቹ መካከል በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት የከፈሉ ሌሎችም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሠፈር ቀይረዋል፣ አንዳንዶቹ አርፈዋል። የመጋገሪያ ቤቱ ዋጋ በጉልበታቸው ልክ ሲከፋፈል ዛሬ መዝገብ ላይ ያለነው ሰዎች ድርሻ ይቀንሳል። ሒሳቡን ቅዳሜ ዕለት መኪና ውስጥ ሠርተነዋል፤ የሚቀንሰው ትንሽ አይደለም። ልጇን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ የቤት ኪራይ የተጨመረባት እህት ይህን ስታነብ ቅር ቢላት አንፈርድባትም። እኛም ቅር ብሎናል።

ግን ቤቱ ቆሟል። በየቀኑ እንጋግርበታለን፤ ከእሱ በሚገኘው እንኖራለን። ግድግዳው ውስጥ ያለው ጭቃ የእታለም ነው። የነገሥታቱ ግቢ የፈጪዎቹንና የውሃ ቀጂዎቹን ስም ሳይጽፍ ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆሟል፤ እነሱን ዛሬ የሚያስታውስ እማኝ የለም። ለእታለም ግን እማኝ አለ። ገና በሕይወት ነን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከመሥራቾቹ ያለነው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት ወራት ማን ምን እንደሠራ የምናስታውሰውን ይዘን እንምጣ፤ ስንት ቀን፣ የትኛው ሥራ፣ ማን አብሮ ነበር። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር የሚጻፈው ቢያንስ ሁለት እማኝ ሲስማማበት ይሁን፤ አንዲት ብቻ የምታስታውሰው ለብቻው ይያዝ። ሦስተኛ፣ ለአንድ ቀን ጉልበት የሚታሰበው ዋጋ በዚያን ጊዜ ለቀን ሠራተኛ ይከፈል በነበረው ልክ ይሁን፤ የዛሬውን ዋጋ እናስብ ካልን ጭቅጭቅ ይነሣል። አራተኛ፣ የእታለም ልጅ ትጠራ፤ እንደ ለማኝ በር ላይ ሳይሆን እንደ ወራሽ ወንበር ላይ ትቀመጥ። የሚያንሰውን ድርሻ እንዴት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሦስት ዓመት እንደምናስተካክል ሠንጠረዥ አዘጋጅተናል፤ ስብሰባው ላይ እናሳያለን። የማትስማማ እህት ሐሳቧን በዚሁ ጋዜጣ ላይ ብትጽፍ ደስ ይለናል።

በመጨረሻ የመንገዱን ሒሳብ እናቅርብ። የደርሶ መልስ መኪና፣ የአልጋና የግቢው መግቢያ ደረሰኞች ገቢ ሆነዋል። የምሳውን ከኪሳችን ከፍለናል። ወደ ቁስቋም የወጣንበትና የተመለስንበት ባጃጅ ግን ደረሰኝ የለውም፤ ብቻችንን ስለነበርን እማኝም የለንም። ገንዘብ ያዧ «በምን ልመዝግበው?» ብላናለች። በቃላችን መዝግቢው ብለናታል፤ ካልሆነም ከኪሳችን እንከፍላለን። ስብሰባው ይወስንበት።